የሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር ለተማሪዎች ምን አለው?

የሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር ከስቴቱ ራሱ በዕድሜ ይበልጣል። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1849 ሲሆን ሚኒሶታ ስቴት የሆነችው በ1858 ነው። ዋና መቀመጫው ሴንት ፖል ውስጥ ነው፤ ሙዚየምም ቤተ መጻሕፍትም አለው። እኔን ግን በጣም ደስ የሚለኝ ለተማሪዎች የሚሠራው ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሂስትሪ ዴይ የሚባለው ውድድር ነው። በ1974 ክሊቭላንድ ውስጥ ተጀምሮ አገር አቀፍ ሆነ፤ በሚኒሶታ የሚያስተባብረው ይኸው ማኅበር ነው። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የዓመቱን መሪ ቃል ይዘው ርዕሳቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ከዚያ ጽሑፍ፣ ኤግዚቢሽን፣ ዘጋቢ ፊልም፣ ድራማ ወይም ድረ ገጽ ይሠራሉ። ከጽሑፉ በስተቀር ሌላውን ከጓደኛ ጋር መሥራት ይቻላል።

ልጆቹ የሚፈተኑት ዳኞች ፊት ሲቀርቡ ነው። ይህን ከየት አገኛችሁት፣ ለምን ይህን ርዕስ መረጣችሁ፣ ተብለው ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ ከኢንተርኔት ገልብጦ መምጣት አያዋጣም፣ የዘመኑን ደብዳቤ፣ ጋዜጣና ፎቶ ማገላበጥ፣ ነገሩን ያየ ሰው ፈልጎ ማነጋገር ግድ ይላል። በስቴት ደረጃ ያሸነፉት ጁን ላይ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ።

ርዕሱ የግድ የአሜሪካ ታሪክ መሆን የለበትም። እዚያ ለሚኖሩ የኛ ልጆች ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ከመሪ ቃሉ ጋር እስከተያያዘ ድረስ ስለ አድዋ ወይም ስለ 66ቱ አብዮት መሥራት ይችላሉ፤ አብዮቱን በዓይናቸው ያዩ አያት ቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ የእሳቸው ቃል ራሱ ቀጥተኛ ምንጭ ነው። «ታሪኩን ተወውና ሒሳብህን አጥና» የምንል ወላጆች ብንተው ጥሩ ነው። ልጁ መረጃ ማጣራትና ያመነበትን ማስረዳት የሚለምደው እዚህ ነው።

ትምህርት ቤቶች ጉብኝትም ይሄዳሉ። ሚኒያፖሊስ ያለው ሚል ሲቲ ሙዚየም በተቃጠለ የዱቄት ፋብሪካ ፍርስራሽ ውስጥ የተሠራ ነው። ተማሪዎቹ በትልቅ አሳንሰር ተቀምጠው ፎቅ በፎቅ ሲወጡ የድሮ ሠራተኞችን ድምፅ ይሰማሉ። በ1878 የዱቄት ብናኝ ፈንድቶ 18 ሠራተኞች የሞቱት እዚሁ ቦታ ላይ ነው። ፎርት ስኔሊንግ ደግሞ ከበድ ይላል። በኋላ ነፃነታቸውን በፍርድ ቤት የጠየቁት ድሬድ ስኮትና ባለቤቱ ሃሪየት በባርነት የኖሩበት ምሽግ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥትና የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ዳኮታዎች በ1862 ከተዋጉ በኋላም የዳኮታ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች እዚያው ታጉረው ከርመዋል። ይህን ለተማሪ ሳይሸፋፍኑ መንገር ተገቢ ነው እላለሁ።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኢንተርንሺፕ አለ፤ በሙዚየም ሥራ ወይም በሰነድ አያያዝ እጃቸውን ማፍታታት ለሚፈልጉ የሚሆን ነው።