«አብሶሉት ማክሲመም» ምንድን ነው?

«አርዱይኖ ኡኖ በአንድ ፒን 40 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ዳታሺቱን አንብብ» የሚል ሰው ዛሬም ገጠመኝ። (ኡኖ በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው፤ ፒን ሽቦ የሚሰካበት መግቢያና መውጫው፤ ዳታሺት ደግሞ የቺፑ አምራች የሚያወጣው የመረጃ ሰነድ።) ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ወንድሜ፣ አንብቤዋለሁ። አንተ የዘለልከው ከቁጥሩ በላይ ያለውን ርዕስ ነው።

በተለመደው ኡኖ (አር3) ላይ ያለው ቺፕ ኤቲሜጋ328ፒ ነው። 40 የሚለው የተጻፈው «አብሶሉት ማክሲመም ሬቲንግስ» (የመጨረሻ ጣሪያዎች) በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ሠንጠረዡ ቺፑ ስንት እንደሚሰጥ አይናገርም። ከዚህ ካለፍክ ለዘለቄታው ሊበላሽ ይችላል ነው የሚለው። እዚያው ጫፍ ላይ ሆኖ በትክክል ይሠራል የሚል ቃል የለበትም፤ እንዲያውም ብዙ ከቆየበት አስተማማኝነቱ ሊጎዳ እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። አምራቹ የፒኑን ቮልቴጅ ለክቶ ዋስትና የሰጠው በ5 ቮልት፣ በ20 ሚሊአምፔር ነው።

ሸክም ተሸካሚ አስብ። ወገቡ ሳይቆረጥ 100 ኪሎ ጭነህበት ሊቆም ይችላል። ያንን ይዘህ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ውጣ ውረድ ግን አትለውም። በሁለቱም እጁ፣ በራሱም ላይ ልጨምርለት ካልክ ደግሞ እግሩ አለ፤ ሁሉም ሸክም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የቺፑ እግር ኤሌክትሪኩ የሚገባበት ቪሲሲና የሚመለስበት ግራውንድ ነው። የነሱ ጣሪያ 200 ሚሊአምፔር ነው፣ እሱም ያው ሊነካ የማይገባው ሠንጠረዥ ውስጥ። አምስት ፒን በ40 ካሰብክ አለቀ። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ተሸካሚው... እሺ፣ ምሳሌውን አበዛሁት።

«የኔ እኮ ሁለት ዓመት ሠራ» ትለኛለህ። ይሥራ። ያንተ አንድ ቺፕ ስለቀጣዩ ምንም አይነግርህም። ዳታሺቱ ላይ «ቲፒካል» (የተለመደው ዋጋ) የሚለውን ዓምድም ለዚህ ነው የማልተማመንበት፤ እኔ የማሰላው በሚኒመሙና በማክሲመሙ ነው።

ቮልቴጅን ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው 7805 የሚባለው ሬጉሌተርም ያው ነው። ግቤቱ እስከ 35 ቮልት ይችላል ይባላል። እውነት ነው፣ ግን 12 ቮልት ብቻ አስገብተህ 1 አምፔር ብትስብ 7 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ ያለ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣለት ብረት) ግሎ ራሱን ያጠፋል።

ኡኖው ፒን ላይ ለምትሰካው ቀይ ኤልኢዲህ 220 ኦኸም ሬዚስተር አድርግለት። 13 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል፣ ብርሃኑም ይበቃሃል።