ንጉሥን በሳቅ ተቀብሎ መግደል፦ የማክቤዝ መስተንግዶ

በሼክስፒር ትራጄዲዎች ንጉሥን መሸንገል የተለመደ ነው። በ«ኪንግ ሊር» ጎነሪልና ሪጋን አባታቸውን በአፍ ብቻ ወደው መንግሥቱን ይካፈሉታል። ሽንገላው ከእንግዳ አቀባበል ጋር የተገመደው ግን በ«ማክቤዝ» ነው። ቴአትሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1606 ገደማ ተጽፎ በ1623 ታተመ። እኛም ዘንድ ታላቁ ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል።

የስኮትላንዱ ንጉሥ ዳንከን ኢንቨርነስ ከጦር መሪው ከማክቤዝ ግንብ ሲደርስ አየሩን ያደንቃል። ሌላው የጦር መሪ ባንኮም ግድግዳው ላይ ጎጆ የሠሩትን ወፎች ያሳየዋል። የማክቤዝ ሚስት ብቻዋን ወጥታ ትቀበላቸዋለች። ያለን ሁሉ የእርስዎ ነው፣ አገልግሎታችን እጥፍ ድርብ ቢሆን እንኳ ውለታዎን አይመልስም ትላለች። ቀደም ብላ ግን ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን እንዲወስድ ባሏን «አበባ ምሰል፣ ከሥሩ ግን እባቡን ሁን» ብላ መክራዋለች። አፍ ቅቤ ልብ ጩቤ ማለት ይሄ ነው፤ ጩቤው ደግሞ የእውነት ነው።

ዳንከን የዋህ ነው ቢባል አይበዛበትም። ስለከዳው የኮዶር ሹም ሲያወራ የሰው ልብ ከፊቱ አይነበብም ብሎ ነበር። ይህን እያለ ማክቤዝ ይገባል፤ እሱንም ያምነዋል። ማታ ለአስተናጋጇ አልማዝ ልኮ ይተኛል።

ማክቤዝ እራቱን ጥሎ ወጥቶ ያመነታል። ዘመዱ ነኝ፣ አሽከሩ ነኝ፣ እንግዳዬም ነው፤ በሩን በገዳዩ ላይ መዝጋት ሲገባኝ ራሴ ጩቤ ልያዝ? ሚስቱ ግን ትረታዋለች። የንጉሡን የእልፍኝ ጠባቂዎች በመጠጥ የምታደነዝዘውም እሷ ናት። ግድያው ሲሰማ ራሷን መሳቷ የእውነት ይሁን የማስመሰል፣ ተንታኞች አይስማሙበትም።

እውነተኛው ዳንከን በ1040 የሞተው በጦር ሜዳ ነው። እንግዳ ሆኖ መገደሉን ሼክስፒር የወሰደው ከታሪክ ጸሐፊው ከሆሊንሸድ ዜና መዋዕል፣ ከሌላ ንጉሥ ታሪክ ነው። እዚያ ዶንዋልድ በሚስቱ ጉትጎታ ንጉሥ ዳፍን ፎረስ ግንብ ውስጥ ያስገድለዋል።

የሚያስገርመው፣ ቴአትሩ ራሱ ከሽንገላ አልጸዳም። በ1603 የእንግሊዝን ዙፋን የያዘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ የሼክስፒር የቴአትር ቡድን ደጋፊ ነበር፤ የባንኮ ዘር ነኝም ይል ነበር። በዜና መዋዕሉ ባንኮ የማክቤዝ ግብረ አበር ነው። በመድረኩ ላይ ግን እጁ ንጹሕ ነው። በአራተኛው ገቢር ከእሱ የሚወለዱ ስምንት ነገሥታት በራእይ ያልፋሉ፤ የመጨረሻው መስታወት ይዟል፣ በመስታወቱም ሌሎች ብዙ ነገሥታት ይታያሉ።