የጠዋት ብርሃን፣ የማታ ሙቀት፦ ተሳስተን የምናምናቸው ነገሮች

ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም የምትኖር ዘመድ ካለቻችሁ፣ ዊንተር ሲገባ ጠረጴዛዋ ላይ ለዊንተር ድብርት የሚበራ ደማቅ ነጭ መብራት ጉብ ማለቱን ሳታዩ አትቀሩም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ደግሞ ከሥራ ሲወጣ ስቲም ጎራ ይላል። ሁለቱም ጥሩ ልማድ ነው። አብሮት የሚነገረው ወሬ ነው ችግሩ።

«ቢሮዬ ብርሃን አለው፣ ይበቃኛል።»

ዓይናችን ብርሃኑንም ጨለማውንም ቶሎ ስለሚለምድ ልዩነቱ ትንሽ ይመስለናል። ሲለካ ግን ሌላ ነው። የተለመደ ቢሮ ከ300 እስከ 500 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ያህል ብርሃን አለው። ሰማዩ ደመና ለብሶ እንኳ ቀን ደጅ ብትወጡ የዚያን ብዙ እጥፍ ታገኛላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል። ጠዋት መኪና ውስጥ ገብቶ፣ መጋረጃው በተዘጋ ቢሮ ውሎ፣ ማታ 12 ሰዓት የሚወጣ ሰው ፀሐይ አገር እየኖረ ፀሐይ አላየም ማለት ነው። እሱ መብራት መግዛት አያስፈልገውም። የጠዋት ማኪያቶውን በረንዳ ላይ ይጠጣ።

«ዋናው ማብራቱ ነው፣ ሰዓቱ ለውጥ የለውም።»

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። በ1984 እ.ኤ.አ. ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የዊንተር ድብርትን በጥናት ካሳዩ ወዲህ፣ የብርሃን ሕክምና የተለመደ ነገር ሆኗል። የሚመከረው ጠዋት እንደተነሱ፣ በ10,000 ሉክስ መብራት፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። መብራቱ ላይ ማፍጠጥ አያስፈልግም፤ ዓይን ይከፈት እንጂ ቁርስ መብላትም ኢሜይል ማየትም ይቻላል። ርቀቱን ግን ልብ በሉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 10,000 የሚሠራው አምራቹ በጻፈው ርቀት ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ከግማሽ ሜትር ብዙ አይርቅም። ክፍሉ ጥግ ላይ ካስቀመጣችሁት ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ማታ ካበራችሁት ደግሞ ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ያዘገይና እስከ እኩለ ሌሊት ያፈጣችኋል።

የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ነገሩን ይገለብጠዋል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሆስፒታልና ፓርኪንግ የሚያድሩ ወገኖቻችን ይሄን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ደማቁ ብርሃን የሚጠቅማቸው ፈረቃው ሲጀመር ነው። ጠዋት ወደ ቤት ሲሄዱ ጥቁር መነጽር፣ መኝታ ቤት ደግሞ ወፍራም መጋረጃ ያግዛቸዋል። እንቅልፍ እየጣለው መኪና የሚነዳ ሰው ግን መነጽሩ ይቅርበት። እንዲያውም መንዳቱም ቢቀር።

የዓይን በሽታ ወይም ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን ከጫፍ ጫፍ የሚያዋዥቅ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

«መብራቱ ቫይታሚን ዲ ይሰጣል።»

አይሰጥም። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው። ደህና የሕክምና መብራት ደግሞ አልትራቫዮሌትን ሆን ብሎ ያስቀራል። የመስኮት መስታወትም ይሄንኑ ጨረር ስለሚያስቀር መስኮት ሥር መቀመጥ ለዚህ አይረዳም።

«ስቲም መርዝ ያወጣል፣ ቦርጭ ያጠፋል።»

ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው። መርዝ ማጣራት የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው። ከስቲም ወጥቶ ሚዛን ላይ የሚቆም ሰው ኪሎ መቀነሱን ያያል፤ አንድ አምቦ ውሃ ሲጠጣ መመለስ ይጀምራል። ይሄ ማለት ግን ሙቀት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የደም ሥር ይሰፋል፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የተደፋ አንገትና ትከሻ ይፍታታል። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ በወደዱት በእቴጌ ጣይቱ ሰበብ አይደል? ቢራ ጠጥቶ መግባት ግን ራስን መፈተን ነው። ሙቀቱም መጠጡም ውሃ ያሟጥጣሉ፣ የደም ግፊት ያወርዳሉ፤ ሲነሱ ዞሮ መውደቅ አለ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ቀድማ ሐኪም ትጠይቅ።

«ለሕመም ሁሉ ሙቀት።»

ለደረቀ ወገብ፣ አዎ። ትኩስ ወለምታ ላይ ግን ሙቀት እብጠቱን ይጨምራል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ይሻላል። ስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘው ሰው ደግሞ ሲቃጠል ላይሰማው ስለሚችል የሙቅ ውሃ ከረጢት አያስጠጋ።

«ትኩስ ሻወር ወስዶ ወዲያው አልጋ።»

እንቅልፍ የሚያመጣው ሙቀቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚከተለው መቀዝቀዝ ነው። ሙቅ ውሃ ደሙን ወደ እጅና እግር ይስበዋል፣ ሰውነት በዚያ በኩል ሙቀቱን ያወጣል። ስለዚህ ሰዓት ይፈልጋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ጥሩ ሆኖ ያገኙት ከመኝታ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ መታጠብን ነው። 10 ደቂቃም ይበቃል። ማታ 4 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ታጠቡ። መብራት ጠፍቶ ቦይለሩ ከቀዘቀዘም ምድጃ ላይ ውሃ አሙቃችሁ እግራችሁን ሳፋ ውስጥ ንከሩ።