ባሕር የራቃት የምግብ ከተማ፦ ስለ ኪዮቶ ገበታ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ ጃፓን ምግብ በእኛ ዘንድ የሚወራው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር አያልፍም፤ ጥሬ ዓሣ ይበላሉ፣ ዋጋውም አይቀመስም። ኪዮቶ ስትነሣ ደግሞ የቤተ መንግሥት ግርማና በትልቅ ሳሕን መካከል የተቀመጠች አንዲት ቅጠል ይጨመሩበታል። ከተማዋ ከ794 ጀምሮ (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ስለነበረች ግርማውን መጠበቅ አያስደንቅም። እኔ ግን የኪዮቶን ወጥ ቤት ያሠለጠነው ከሁሉ በላይ እጦት ነው እላለሁ፤ በተለይ የባሕር እጦት። ይህ ሳይገባው ገበታው ላይ የሚቀመጥ እንግዳ ከፊቱ ያለውን ግማሹን ሳያየው ይነሣል።

«የጃፓን ምግብ ማለት ሱሺ ነው»

ዓለም የሚያውቀው፣ በእጅ በተድበለበለ ሩዝ ላይ ጥሬ ዓሣ የሚቀመጥበት ሱሺ የኪዮቶ ልጅ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ የተስፋፋ የመንገድ ዳር ምግብ ነበር። ኤዶ ባሕሩ ደጃፏ ላይ ነው። ኪዮቶ ግን በሦስት ወገን ተራራ የከበባት ሸለቆ ናት፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ትኩስ የባሕር ዓሣ ሳይበላሽ አይደርስላትም ነበር።

ዓሣው የሚመጣላት ከሰሜን፣ ከዋካሳ የባሕር ወሽመጥ ነበር። እዚያ የተጠመደውን ሳባ የተባለ ዓሣ (በእኛ ሱቆች በቆርቆሮ የሚሸጠው ማከሬል ነው) ጨው ነስንሰውበት፣ ተሸካሚዎች ሰባ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን የተራራ መንገድ ቀንና ሌሊት ይጓዙበታል። ከተማ ሲደርሱ ጨው ሥጋው ውስጥ በልኩ ሰርጿል። መንገዱ እስከ ዛሬ «የሳባ መንገድ» ይባላል። የኪዮቶ ሱሺ የተወለደው ከዚህ ነው፤ በጨውና በኮምጣጤ የተያዘ ወፍራም የሳባ ሥጋ ከሩዝ ጋር ተጠቅልሎ፣ በባሕር ቅጠል ተሸፍኖ፣ ለበዓል ቀን በየቤቱ የሚዘጋጅ ምግብ ነው።

በበጋ ደግሞ (ሐምሌ በጃፓን የሙቀት ወቅት ነው) ሃሞ አለ። ሃሞ እንደ እባብ የረዘመ፣ ከውኃ ወጥቶም ለረጅም ሰዓት በሕይወት የሚቆይ ብርቱ ዓሣ በመሆኑ፣ በሐምሌ ሙቀት ሳይቀር ኪዮቶ በሕይወቱ ይደርስ ነበር። ችግሩ አጥንቱ ነው፤ ለቅሞ የማይጨረስ ቀጭን አጥንት ሥጋውን ሞልቶታል። የከተማዋ ምግብ ሠሪዎች መፍትሔውን በቢላዋ አገኙት። ቆዳው ሳይበጠስ ሥጋውን በየአንድ ሚሊ ሜትሩ ይተለትሉታል፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር በምታህል ስፋት ውስጥ ሃያ አራት ያህል ትልታሎች ይገባሉ። ከዚያ የፈላ ውኃ ውስጥ ሲነከር ሥጋው እንደ ነጭ አበባ ይፈካል። በሐምሌ ወር የሚከበረውና ታሪኩ እስከ 869 የሚዘልቀው የጊዮን በዓል «የሃሞ በዓል» ተብሎ እስከ መጠራት ደርሷል። በሌላ ከተማ ለአጥንቱ ሲባል ይናቅ የነበረ ዓሣ እዚህ የክብር ምግብ ሆነ። ለእኔ የዚህች ከተማ ወጥ ቤት ጀግንነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

«የኪዮቶ ምግብ ጣዕም የለውም»

በርበሬና ቅቤ ያሳደገው ምላስ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። በክዳን ተሸፍኖ የሚቀርበው ሾርባ ሲከፈት ውኃ ይመስላል፤ ውስጡም አንድ ቁራጭ ዓሣ ወይም ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ አይብ መሰል ምግብ) እና ትንሽ ቅጠል ነው ያለው። ሆኖም ሼፉ ከምሽቱ ሁሉ አብልጦ የተጨነቀበት ይህ ሾርባ ነው፤ ብዙ ጃፓናውያንም የአንድን ምግብ ቤት ደረጃ የሚለኩት በእሱ ነው።

የሾርባው መሠረት ዳሺ ይባላል። ከሁለት ነገሮች ይሠራል። አንዱ ኮምቡ ነው፤ ከሰሜናዊው ደሴት ከሆካይዶ የሚመጣ ወፍራም የደረቀ የባሕር ቅጠል። ድሮ በነጋዴ መርከቦች በምዕራቡ ባሕር በኩል ወርዶ፣ ከወደብ በየብስ ተሻግሮ፣ በቢዋ ሐይቅ ላይ ተጭኖ ኪዮቶ ይገባ ነበር። ሁለተኛው ካትሱዎቡሺ ነው፤ የቱና ዘመድ የሆነ ዓሣ ተቀቅሎ፣ በጭስ ደርቆና ለወራት በሻጋታ በስሎ እንጨት እስኪመስል ከጠነከረ በኋላ በስሱ የሚላግ። ብዙ የኪዮቶ ሼፎች ኮምቡውን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዝፉታል፤ ከፈላ ይመርራልና። ካወጡት በኋላ ሙቀቱን ከፍ አድርገው የተላገውን ዓሣ ይጨምሩና ወዲያው ያጠሉታል። የከተማዋ ውኃ ለስላሳ፣ ማዕድኑም አነስተኛ መሆኑ ለዚህ ሥራ በጣም ያግዛል። ቶኪዮ ላይ ቅርንጫፍ ከፍተው የኪዮቶን ውኃ የሚያስጭኑ ምግብ ቤቶች እስከ መኖር ደርሰዋል።

በዳሺ ውስጥ ያለውን ጣዕም በሳይንስ የገለጠው ሰውም የኪዮቶ ተወላጅ ነው። የኬሚስትሪ ሊቁ ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ከኮምቡ ግሉታሚክ አሲድን ለይቶ አወጣ፤ ከጣፋጭ፣ ከጎምዛዛ፣ ከጨዋማና ከመራራ ተለይቶ የሚቆመውን ይህን ጣዕም ኡማሚ ብሎ ሰየመው። የደረቀው ዓሣ ደግሞ ሌላ የኡማሚ ምንጭ አለው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጣዕማቸው ከድምራቸው በላይ ይጎላል። ሾርባው ከዓይን የሰወረውን ምላስ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚጠጣው ብቻ ግን።

ጨው የለውም የሚለውም ስሕተት ነው። የኪዮቶ ሰዎች የሚመርጡት ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ሶያ ሶስ ከጥቁሩ ይልቅ ጨዋማ ነው፤ በጥቂቱ የሚጨምሩት የአትክልቱ ቀለም እንዳይጠቁር ነው። ሳሕኑ የገረጣ ቢመስል ጨው ተነፍጎት አይደለም።

«አትክልት ብቻ ከሆነ የጾም ነው»

ይህን በተለይ ለጿሚ አንባቢ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ቶፉ፣ ደበርጃን ወይም ጎመን ብቻ የሚታይበት ሳሕን ብዙውን ጊዜ የበሰለው ከላይ በተነገረው ዳሺ ነው፤ ዳሺው ውስጥ ደግሞ ዓሣ አለ። ዓሣ ለማይበላ ሰው የሚሆነው በኮምቡና በደረቀ እንጉዳይ ብቻ የሚሠራው ዳሺ ነው። ሙስሊም አንባቢም ይጠንቀቅ፤ ሚሪን የተባለው ጣፋጭ የሩዝ መጠጥና ሳኬ የተባለው የሩዝ አልኮል የብዙ ወጦች ማጣፈጫ ናቸው።

እርግጡ የጾም ገበታ ሾጂን ይባላል፤ የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው። ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም አይገባበትም። እኛን ግራ የሚያጋባን ሌላው ሕጉ ነው፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርትም ክልክል ናቸው፤ ሽታቸው ስሜትን ይቀሰቅሳል ተብሎ ይታመናል። ሽንኩርት ያልተቁላላበት የጾም ወጥ ለእኛ የማይታሰብ ነውና ያለ እሱ እንዴት ይጣፍጣል የሚል ሰው፣ አራሺያማ በተባለው የኪዮቶ ሰፈር ባለው በቴንርዩጂ ገዳም ግቢ ውስጥ የሚቀርበውን ገበታ ይሞክር። ሰሊጥ ተፈጭቶ ከሥራሥር በወጣ ስታርች ሲረጋ እንደ አይብ ይለሰልሳል፤ የአኩሪ አተር ወተት ሲሞቅ ከላዩ የሚገፈፈው ስስ ሽፋን፣ ዩባ፣ ብቻውን ምግብ ይሆናል። ቀርከሃ በጸደይ ገና ከመሬት ብቅ ሲል ተቆፍሮ ይበስላል። የቅባትና የቅመም ድጋፍ ሳይኖር የአንድ አትክልት የራሱ ጣዕም እስከ ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ ሌላ ወጥ ቤት አላውቅም።

«ካይሴኪ የቤተ መንግሥት ድግስ ነው»

ካይሴኪ በተራ የሚቀርቡ ብዙ ትንንሽ ሳሕኖች ያሉት የኪዮቶ ዝነኛ ገበታ ነው። ቤተ መንግሥቱ የራሱ የግብር (የድግስ) ሥርዓት ነበረው፤ የካይሴኪ ሥር ግን ያለው ከሻይ ቤት ነው። የሻይ ሥርዓት ሊቅ የነበረው ሴን ኖ ሪክዩ (1522–1591) በጠባብ የጭቃ ግድግዳ ጎጆ ውስጥ እንግዳ ሲቀበል የሚያቀርበው ሩዝ፣ አንድ ሾርባና ሦስት ዓይነት ማባያ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ወፍራም አረንጓዴ ሻይ በባዶ ሆድ ይከብዳል። ሪክዩ በዘመኑ ኃያላን ለነበሩት ለኦዳ ኖቡናጋና ለቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የሻይ መምህር ሆኖ ሳለ፣ ወርቅ በሚወድዱ ጌቶች መካከል ቁጥብነትን አስተማረ። በመጨረሻም በሂዴዮሺ ትእዛዝ ራሱን አጠፋ።

በኋላ ዘመን ሳኬ እየጠጡ ለሚጫወቱ ሰዎች የተዘረጋ ሌላ ገበታ ተፈጠረ፤ ዛሬ በምግብ ቤት የሚቀርበው በአብዛኛው ከዚህ የተወረሰ ነው። ልዩነቱ በሩዝ ይታወቃል። በሻይ ገበታ ሩዝ መጀመሪያ ይመጣል፤ በሳኬው ገበታ መጨረሻ ላይ። የሻይ ቤቱ መንፈስ ግን በሁለቱም አለ፦ ወቅቱን መጠበቅ፣ ከእንግዳው አቅም በላይ አለማቅረብ።

«በቁራሽ አታልለው በረሃብ ይሸኙሃል»

አይደለም። ሳሕኖቹ ትንንሽ ቢሆኑም ብዙ ናቸው፤ ገበታው ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። መክፈቻው፣ ሾርባው፣ ጥሬ ዓሣው፣ ጥብሱና ቅቅሉ ካለፉ በኋላ ሩዝ ከሚሶ (ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚሠራ ሊጥ) ሾርባና በጨው ከተያዘ አትክልት ጋር ይመጣል። ሩዙ ብዙውን ጊዜ በሸክላ ድስት የተቀቀለ ነው፤ ይጨመርልኝ ማለትም ነውር የለውም። ተርፎ ቢገኝ አድበልብለው ጠቅልለው የሚሰጡ ቤቶች አሉ።

«ዩኔስኮ የመዘገበው የታላላቅ ምግብ ቤቶችን ጥበብ ነው»

በታኅሣሥ 2013 ባኩ ላይ በተካሄደው ጉባኤ የጃፓን የአመጋገብ ባህል፣ ዋሾኩ፣ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የእኛ የመስቀል በዓልም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው። ሐሳቡን ከገፉት ቀዳሚዎች መካከል የኪዮቶ ምግብ ሠሪዎች ቢኖሩም፣ የተመዘገበው ካይሴኪ አይደለም። መዝገቡ በተለይ የሚጠቅሰው የአዲስ ዓመትን አከባበር ነው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሩዝ ሲወቅጥ፣ ትርጉም ያላቸውን ምግቦች በሣጥን ሲደረድር። በኪዮቶ ቤቶች የአዲስ ዓመት ጠዋት ሾርባ በጣፋጩ ነጭ ሚሶ ይሠራል፤ ሞቺ የተባለው ከተወቀጠው ሩዝ የሚሠራ ቂጣ ክብ ይሆናል፤ በቶኪዮ በኩል ግን ሞቺው አራት ማዕዘን፣ ሾርባው ጥርት ያለ ነው። ሊጠበቅ የተፈለገው ይህ የእናቶች እጅ ነው።

«የውጭ ሰው አይቀበሉም»

ይህ ወሬ እውነተኛ መነሻ አለው። እንደ ጊዮንና ፖንቶቾ ባሉ የጌይሻ (በሙዚቃና በጭፈራ እንግዳ የሚያጫውቱ ሴቶች) ሰፈሮች የሚገኙት ኦቻያ የተባሉ የእንግዳ ቤቶች አስተዋዋቂ የሌለውን ሰው አያስገቡም። ሕጉ ግን ጃፓናዊውንም ይመለከታል፤ የቶኪዮ ባለጸጋም ደንበኛ ካላስተዋወቀው በሩ አይከፈትለትም። ቤቱ ምግቡን ከውጭ አዝዞ ያስመጣል፣ ሙዚቀኛውን ይጠራል፣ ታክሲውን ሳይቀር ይከፍላል፤ እንግዳው በዚያ ምሽት ገንዘብ አያወጣም፤ ሒሳቡ ቆይቶ ይላክለታል። ባይከፍል አስተዋዋቂው ይጠየቃል። እንዲህ በእምነት ለሚሠራ ቤት ያልታወቀን ሰው ማስገባት ኪሳራ ነው።

ምግብ ቤቶቹ ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ አብዛኞቹ አስቀድሞ ቦታ ለያዘ ሁሉ ክፍት ናቸው። ቦታ ጠፋ ሲባል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ስምንት ወይም አሥር ወንበር ብቻ መኖሩ ነው።

ስለ ወግ የሚፈሩ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን እንግዳ ሊያውቀው የሚገባው ጥቂት ነው። የሾርባውን ሳሕን በእጅ አንሥቶ መጠጣት ጨዋነት ነው። ጉርሻ የለመደ እጅ ደግሞ ይጠንቀቅ፤ ምግብ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ማቀበል ትልቅ ነውር ነው፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንት የሚቀባበለው እንደዚያ ነውና። ለወዳጅዎ ማቅመስ ከፈለጉ ትንሹ ሳሕኑ ላይ ያኑሩለት። ሽቶ አይቀቡ፤ የሾርባውን መዓዛ ከጎረቤት ወንበር ይነጥቃል። ጉርሻ ገንዘብ መስጠትም አያስፈልግም።

«ገንዘብ የሌለው አይቀምሰውም»

የምሽት ካይሴኪ ለአንድ ሰው በአሥር ሺዎች የን ያስከፍላል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም እነዚያው ቤቶች ምሳ ላይ ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሳሉ። ለዓመታት ሦስት የሚሽሊን ኮከብ (ለምግብ ቤት የሚሰጥ ከፍተኛ ደረጃ) የያዘው ህዮቴይ የተባለው ምግብ ቤት ከናንዘንጂ ገዳም አጠገብ የመንገደኞች ሻይ ቤት ሆኖ የጀመረ ነው፤ ስሙን ያስጠሩትም የተቀቀለ እንቁላልና የበጋ ጠዋት የሩዝ ገንፎ ናቸው። ከዚያው ገዳም ዙሪያ በሙቅ ውኃ ውስጥ ቶፉ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ። ኦባንዛይ የሚባለው የቤት ምግብም፣ በትልልቅ ጎድጓዳ ሳሕን የተደረደረ የአትክልት ቅቅል፣ በተራ ምግብ ቤቶች ይገኛል፤ ከእሱ ቢጀምሩ እመርጣለሁ፤ ዳሺውን ምላስ እዚያ ይለምደዋል።

ትልቁን ገበታ ካሰቡ ግን ቀን ሲይዙ ቁርጠኛ ይሁኑ። ዓሣው ለእርስዎ ቁጥር ተቆጥሮ ነው የሚገዛው፤ በዕለቱ የሚሰርዝ ሰው ሙሉውን ዋጋ መጠየቁ የተለመደ ነው። የማይበሉትንም ያኔውኑ ያሳውቁ። ዓሣ፣ አልኮል ወይም ሥጋ የማይነኩ ከሆነ ሼፉ ቀናት ቀደም ብሎ ከሰማ በኮምቡና በእንጉዳይ ሌላ ዳሺ ሊያዘጋጅልዎ ይችላል፤ ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ቢናገሩ ግን የዕለቱ ዳሺ ከተጠለለ ቆይቷል።