አር.ኢ.ዩ ምንድን ነው? ስኮላርሺፕ ግን አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው አሜሪካ ላሉ ወላጆች ምክር ብሎ «ልጆቻችሁ አር.ኢ.ዩ የሚባለውን የሰመር ስኮላርሺፕ ይሞክሩ፤ ካላገኙም አይቆጫችሁ፣ ብሩ ይህን ያህል አይደለም» ሲል አየሁ። ይህን ነገር በየዓመቱ አየዋለሁ። ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። እንዲህ ያለውን ምክር ሰምተው የተዉት ልጆች ናቸው፣ በኋላ ለፒኤችዲ አመልክተው «ያን ሁሉ ኤ ይዤ ለምን አልተቀበሉኝም?» የሚሉት።

አር.ኢ.ዩ (Research Experiences for Undergraduates) ለሳይንስ ምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም፣ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚደግፈው ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ለ10 ሳምንት ያህል አንድ የምርምር ቡድን ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። የኪስ ገንዘብ ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ማደሪያና መጓጓዣም ይሸፈናል። የኮሌጅ ክፍያ ግን አይከፍልም። ስለዚህ በብሩ መጠን መመዘን ከጅምሩ ስህተት ነው። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው።

ንባብ ቤትና ቅኔ ቤትን አስቡ። ዳዊት የደገመ ልጅ የተጻፈውን አጥርቶ ማንበብ ችሏል ማለት ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ይህ ብቻውን አያዛልቀውም። ጥግ ይዞ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ የኔታ ያርሙታል፣ ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ። የጓደኛን ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ኮሌጅ ውስጥ የሚወሰድ ኮርስ፣ ላብ ያለው እንኳ ቢሆን፣ መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ አብዛኛው ንባብ ቤት ነው። ፒኤችዲ ግን ቅኔ ቤት ነው። አር.ኢ.ዩ የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃና፣ ያቺን ሁለት ቤት፣ የሚሞክሩበት ቦታ ነው። ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ የሚጠብቅ የለም። እርግጥ አንድ የማይመሳሰሉበት ነገር አለ፤ የኔታ ቅኔው የት ላይ እንደተበላሸ ወዲያው ይሰማቸዋል፣ ፕሮፌሰሩ ግን ብዙ ጊዜ ከተማሪው እኩል ግራ ይጋባል።

እኔ የባዮሎጂ ሰው ነኝ፤ ከዚያው ምሳሌ ልስጥ። አንዲት ተማሪ ፒ.ሲ.አር (የዲኤንኤን ቁራጭ የማባዛት ሥራ) ሠርታ፣ የተባዛው ዲኤንኤ እንደ መስመር የሚታይበትን የጄል ፎቶ ይዛ ትመጣለች። ናሙናዎቿ ሁሉ መስመር አሳይተዋል፣ ደስ ብሏታል። ችግሩ፣ ዲኤንኤ ያልተጨመረበትና ባዶ መሆን የነበረበት ቱቦም ያንኑ መስመር አሳይቷል። የሆነ ቦታ ብክለት አለ። «የት የገባ ይመስልሻል?» ስትባል የምታደርገው ነገር ነው ዋናው። አንዷ መልሱን ከመምህሩ ትጠብቃለች። ሌላዋ ውኃውን ትቀይራለች፣ ፒፔቱን (የፈሳሽ መለኪያውን) ታጸዳለች፣ አንድ በአንድ እየለየች ትደግማለች፣ ሁሉንም ከነቀኑ ማስታወሻዋ ላይ ታሰፍራለች። ይህን ጠባይ የትኛውም ትራንስክሪፕት አያሳይም።

የሚያሳየው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። «በክፍሌ ኤ አግኝታለች» የሚል ደብዳቤ ሲነበብ ምንም አይጨምርም፤ ኤ ማግኘቷ ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ። «ሙከራዋ ሲበላሽ ማንም ሳይነግራት ምክንያቱን ፈልጋ አገኘች» የሚል ደብዳቤ ግን ማመልከቻውን ከክምሩ ያወጣዋል። እንዲህ ብሎ መጻፍ የሚችለው ስትሠራ ያያት ሰው ብቻ ነው።

«ምንም ካላሳተመ ሰመሩ ባከነ» የሚሉም አሉ። በእኛ ሙያ 10 ሳምንት ምንም ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በደኅንነት ሥልጠና ያልቃሉ፣ ሴሎቹም በራሳቸው ጊዜ ነው የሚያድጉት። ሒሳብ ላይ ነገሩ ይለያል፣ እዚያ በአንድ ሰመር ሥራ ጽሑፍ የሚያወጡ ተማሪዎች አሉ። ስለዚህ የሒሳቡን ልጅ እያዩ የባዮሎጂውን አትውቀሱ። ደግሞም በሰመሩ መጨረሻ «ይህ ሥራ ለእኔ አይሆንም» ብሎ የወጣ ልጅ አምስት ስድስት ዓመት ነው የተረፈለት።

አገር ቤት ማስተርስ ሳይያዝ ፒኤችዲ አይታሰብም። አሜሪካ ውስጥ ግን በሳይንሱ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ፒኤችዲ መግባት የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞችም ክፍያውን ሸፍነው ለኑሮ ይከፍላሉ። ይህን ባለማወቅ በብድር ማስተርስ የሚገቡ ልጆች ያሳዝኑኛል። (ሐኪም መሆን ለሚፈልግ መንገዱ ሌላ ነው፣ በሥነ ጽሑፍና በታሪክም ገንዘብ ማግኘቱ ይከብዳል።)

ስኮላርሺፕም ምርምርም የሆነ ከፈለጋችሁ በሜሪላንድ ዩ.ኤም.ቢ.ሲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው የማየርሆፍ ፕሮግራም አለ። የኮቪድ ክትባት ምርምር ላይ ስሟ የተነሳው ኪዝሜኪያ ኮርቤት ከዚያ ነው የወጣችው። እሱ ግን ኮሌጅ ሲገባ ነው የሚጀምረው። ተማሪዎችን ለፒኤችዲ የሚያዘጋጀው የማክኔር ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 በቻሌንጀር አደጋ በሞተው የፊዚክስ ሊቅና ጠፈርተኛ ሮናልድ ማክኔር ስም የተሰየመ ሲሆን፣ ወላጆቻቸው ዲግሪ ለሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች ቅድሚያ ይሰጣል። ለምርምር የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ በዓመት ከ2,800 ዶላር አይበልጥም። ይህንንም ስኮላርሺፕ ሲሉት ሰምቻለሁ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያላችሁ ልጆች «ለእኛ አይሆንም» ብላችሁ አትለፉት። አር.ኢ.ዩ የሚያዘጋጁ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ዕድል ከሌለባቸው ኮሌጆች ተማሪ እንዲወስዱ ይጠበቅባቸዋል፣ የሁለት ዓመት ኮሌጆችም እዚያ ውስጥ አሉ። በዲቪ መጥታችሁ ግሪን ካርድ ካላችሁም ትችላላችሁ። ብዙዎቹ ማመልከቻዎች በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ስለሚዘጉ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህር ከዲሴምበር በፊት አናግሩ፤ የበጀት ነገር ስለሚለዋወጥ የዘንድሮው መከፈቱንም አረጋግጡ። በኤፍ-1 (በውጭ አገር ተማሪዎች) ቪዛ ያለ ተማሪ በዚህ ገንዘብ አይከፈለውም። እሱ ግን የራሱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራውን የወደደለትን ፕሮፌሰር በር ያንኳኳ፤ በሌላ በጀት ተማሪ የሚቀበሉ ላቦች አሉ።