የበረኛው ዓይን እና የእይታ ትኩረት

ከአዲስ አበባ ስታዲየም እስከ መስቀል አደባባይ ባሉ ቡና ቤቶች፣ ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነ በረኛ «ዓይኑ ስለታም ነው» ይባላል። ምስጋናው ይገባዋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ዓይን ሐኪም ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ፊደል አጥርቶ ማንበብ የእይታ ጥራት ነው። የእይታ ትኩረት የሚባለው ደግሞ አእምሮ ከሚታየው ሁሉ የሚጠቅመውን መርጦ የሚከታተልበት ችሎታ ነው። መነጽር የሚያስፈልገው ሰው በሁለተኛው ሊበልጥ ይችላል።

ከ11 ሜትር በኃይል የተመታ ኳስ መረብ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንኳ አይፈጅበትም። ኳሱ ከተነሣ በኋላ አቅጣጫውን አይቶ ለመወርወር ጊዜው ስለማይበቃ፣ በረኛው ከመቺው ሰውነት አስቀድሞ ማንበብ አለበት። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የተመራማሪው ሳቬልስበርግና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው፣ ጀማሪዎች የመቺውን ደረት፣ ክንድና ዳሌ ሲቃኙ፣ ልምድ ያላቸው በረኞች በጥቂት ቦታዎች ላይ ረዘም አድርገው ያርፋሉ፤ ምቱ ሲቃረብም እግሮቹንና ኳሱን ያያሉ። ብዙ ማየት ብልጫ አልሆነም።

በመሀል ሜዳ የሚጫወተው አማካይ ግን ኳሱና ተጫዋቾቹ በዙሪያው ስለሆኑ ወዲያ ወዲህ መቃኘት ግዴታው ነው።

ችሎታው ከሜዳ ውጭም ይሠራል ወይ? የሞንትሪያሉ ተመራማሪ ፎበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱ ኳሶችን መከታተልን ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ከሌሎች ፈጥነው ተምረዋል። እዚህ ላይ መቸኮል አልወድም፤ ስፖርቱ ትኩረታቸውን አሳድጎት ይሁን፣ ወይስ ቀድሞም ትኩረት ያላቸው ተመርጠው ፕሮፌሽናል ሆነው ይሁን፣ ይህ ንጽጽር ብቻውን አይለይም።