መድኃኒት የሚቋቋሙ የቤተ ሙከራ ሴሎች፦ የመልእክት መስመሮችና ማምለጫዎቻቸው

ከሰው ወይም ከሌላ እንስሳ አካል ተወስደው በፍላስክ ውስጥ የሚባዙ ሴሎች፣ ቀድሞ ይገድላቸው በነበረ የመድኃኒት መጠን ውስጥ መኖርና መባዛት ሲጀምሩ መድኃኒቱን ተቋቋሙ ይባላል። በተለምዶ «ተላመዱ» እንላለን፤ ቃሉ ግን ያሳስታል። መላመድ ሲባል እያንዳንዱ ሴል ቀስ በቀስ ራሱን የለወጠ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው፦ ከሚሊዮኖቹ መካከል አስቀድሞ የተለዩ ጥቂቶች ነበሩ፤ መድኃኒቱ የቀሩትን ጠርጎ ሜዳውን ለእነሱ ለቀቀላቸው። በእውነት የሚላመዱም አሉ፤ እነሱ ግን ሌላ መለያ አላቸው።

ተቋቋሚ ሴል ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ መድኃኒቱ በሚዲየሙ (ሴሎቹ በሚያድጉበት ፈሳሽ) ውስጥ እያለ፣ ሊያቋርጠው የታሰበው መልእክት፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን የሚተላለፈው የእድገት ትእዛዝ፣ ተቋርጧል ወይስ አልተቋረጠም? ካልተቋረጠ መድኃኒቱ ዒላማው (ሊይዘው የታሰበው ፕሮቲን) ጋ አልደረሰም፣ ወይም ዒላማው ራሱ ተለውጧል ወይም በዝቷል። ተቋርጦም ሴሉ ካልሞተ ሌላ መስመር ተክቶታል ማለት ነው። ይህን ሳይለዩ ወደ ጂን ንባብ መሮጥ ገንዘብና ጊዜ ያስፈጃል።

መድኃኒቱን ከዒላማው ከሚያስቀሩት ነገሮች በስፋት የተጠናው በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ፣ መድኃኒት ወደ ውጭ የሚተፋ ፓምፕ ነው። በ1976 ጁሊያኖና ሊንግ ኮልቺሲን በሚቋቋሙ የቻይና ሃምስተር ኦቫሪ ሴሎች ሽፋን ላይ 170 ሺህ ዳልተን ገደማ የሚመዝን ፕሮቲን አገኙ፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ተባለ። ኤቲፒ በተባለው የሴል ነዳጅ እየሠራ ኮልቺሲንን ብቻ ሳይሆን ዶክሶሩቢሲንን፣ ቪንብላስቲንንና ፓክሊታክሴልን፣ ማለትም በአወቃቀር የማይዛመዱ መድኃኒቶችን፣ ወደ ውጭ ይተፋል። በአንድ መድኃኒት የተመረጠ ሴል አይቶት የማያውቀውን ሌላ መድኃኒት የሚቋቋመው ለዚህ ነው። ሲስፕላቲን ግን የዚህ ፓምፕ ጭነት አይደለም፤ ሴሉ ሲስፕላቲንን ከተቋቋመ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

ፓምፑን ለመፈተን ሴሎቹን ሮዳሚን 123 በተባለ የሚያበራ ቀለም ለግማሽ ሰዓት ያህል ማጥገብ፣ ማጠብ፣ ከዚያም ቀለም በሌለው ሚዲየም በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ሰዓት ማቆየት ነው። ቀለሙ ከወጣ፣ ፓምፑን የሚዘጋው ቬራፓሚል በ10 ማይክሮሞላር ሲጨመር ደግሞ ውስጥ ከቀረ፣ ፓምፑ እየሠራ ነው። ለማነጻጸሪያ የተወሰኑት ሴሎች በረዶ ላይ ይቆያሉ፤ በዚያ ቅዝቃዜ ፓምፑ ስለሚቆም ቀለሙ አይወጣም። ቬራፓሚል የካልሲየም በሮችንም እንደሚዘጋ መርሳት አይገባም፤ የመልእክት መስመሮችን ሊነካ ስለሚችል እሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ዒላማው ሲበዛ ምን እንደሚሆን ያሳየው ሜቶትሬክሴት የተባለው የካንሰር መድኃኒት ነው። በ1978 የሮበርት ሺምኪ ቡድን ተቋቋሚ የአይጥ ሴሎች የመድኃኒቱን ዒላማ፣ ዲሃይድሮፎሌት ሪዳክቴዝ የተባለውን ኢንዛይም፣ ጂን ደጋግመው እንደገለበጡ አሳየ። ቅጂዎቹ ክሮሞሶም ውስጥ ከተሰኩ ይጸናሉ። ሴንትሮሜር (ሴል ሲከፈል ክሮሞሶም የሚሳብበት ቦታ) በሌላቸው ትንንሽ ቁርጥራጮች ላይ ከሆኑ ግን ሴሉ ሲከፈል እኩል ስለማይታደሉ መድኃኒቱ ሲነሳ ቀስ በቀስ ይጠፋሉ።

የመልእክት መስመር ጉዳይ ከዚህ ይወሳሰባል። ኢጂኤፍአር የተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ከውጭ የእድገት ፋክተር ሲነካው በራሱ ታይሮሲኖች (የፕሮቲኑ ክፍል በሆኑ አሚኖ አሲዶች) ላይ ፎስፌት ይጭናል፤ ይህም መልእክቱ መብራቱን ያሳያል። መልእክቱ ከዚያ በሁለት ዋና ቅርንጫፎች ይወርዳል፦ አንዱ ራስ፣ ራፍ፣ ሜክና ኤርክ በተባሉ ፕሮቲኖች፣ ሌላው ፒአይ3ኬና ኤኬቲ በተባሉት በኩል። ጌፊቲኒብ የተባለው መድኃኒት ተቀባዩን ይዘጋል። በተቀባዩ 790ኛው ቦታ ያለው ትሪዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ በሜቲዮኒን ከተለወጠ ጌፊቲኒብ ባለበትም ተቀባዩ ፎስፌት እንደ ጫነ ይቀጥላል። በ2007 በኤችሲሲ827 የሳንባ ካንሰር ሴሎች የታየው ግን ሌላ ማምለጫ ነው፦ ሜት የተባለው ተቀባይ ጂን በዝቶ ኧርቢቢ3 በተባለ ሌላ ተቀባይ በኩል ፒአይ3ኬን ያነቃቃል። እዚህ የኢጂኤፍአር መልእክት እንደጠፋ ነው፤ ኤኬቲ ግን በርቷል። ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በፀረ-አካል የሚያሳይ ዘዴ) ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ብዙ ግምት አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ማምለጫ በመስመሩ ውስጥ የተሠራው የራስ መቆጣጠሪያ ነው። ኤርክ ሲነቃ በላዩ ያሉትን አካላት መልሶ ይገታል። መድኃኒት ኤርክን ሲያጠፋ ግታቱም ይነሳና ከላይ ያለው ግፊት ይጨምራል። በአንደኛው ሰዓት የጠፋ ኤርክ በ24ኛው ሰዓት ተመልሶ ሊገኝ የሚችለው ለዚህ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ብቻ ተለክቶ «መድኃኒቱ ይሠራል» የተባለበት ሥራ ጥቂት አይደለም፤ ቢያንስ 1፣ 6፣ 24 እና 72 ሰዓት ላይ መለካት ይሻላል።

መልእክቱ የሚለካበት ፎስፌት ከፕሮቲኑ በቀላሉ ስለሚረግፍ አለካኩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍላስኩ በረዶ ላይ ይቀመጣል፣ ሴሎቹ በቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) ይታጠባሉ፣ ሴሎቹን የሚያፈርሰው ፈሳሽ ውስጥ እንደ ሶዲየም ኦርቶቫናዴት ያለ የፎስፋቴዝ (ፎስፌት የሚያራግፍ ኢንዛይም) ማገጃ ይገባል። ሴሎቹን ፕሮቲን በሚቆርጠው ትሪፕሲን ማንሳት አይገባም፤ በሴሉ ላይ ያለውን ተቀባይ ይቆርጣል። ሚዲየሙ ላይ የሚጨመረው ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) በራሱ ኤርክን ስለሚያነቃ ከሙከራው በፊት ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይቀነሳል፤ አዲስ ሚዲየም መቀየር ብቻውን እንኳ ጊዜያዊ ብልጭታ ይፈጥራል።

ተቋቋሚ ሴሎችን ለማውጣት የተለመደው መንገድ መጠኑን ደረጃ በደረጃ መጨመር ነው። ግማሹን እድገት ከሚገታው መጠን፣ ማለትም ከአይሲ50፣ በታች ይጀመራል። እድገቱ ወደ ቀድሞው ፍጥነት ሲመለስ መጠኑ ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ያድጋል። ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ከዚያም በላይ ይፈጃል። በየደረጃው የተወሰኑ ሴሎችን 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሴሎችን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ፈሳሽ) ባለበት ሴረም አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ ዘልለው መጠኑን ያሳደጉ ሰዎች ባዶ ፍላስክ ይዘው ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ወላጅ ሴሎችም (መድኃኒት ያልተሰጣቸው መነሻ ሴሎች) መድኃኒቱ በሚሟሟበት ፈሳሽ ብቻ ለዚያኑ ያህል ጊዜ መቆየት አለባቸው፤ አለዚያ የእድሜ ለውጥ ከመድኃኒት ለውጥ አይለይም።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ በኤምቲቲ፣ ሕያው ሴሎች ቀለሙን በሚለውጡት ማቅለሚያ፣ ይለካል፦ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን፣ በየጉድጓዱ ጥቂት ሺህ ሴል፣ 72 ሰዓት መድኃኒት፣ ከዚያ በሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ኤምቲቲ ለ4 ሰዓት፣ ንባብ በ570 ናኖሜትር። የዳር ጉድጓዶች ስለሚተኑ በፒቢኤስ ብቻ ይሞላሉ። ትልቁ ወጥመድ ግን የእድገት ፍጥነት ነው። በሦስት ቀን አንዴ የሚከፈል ሴል ሦስቴ ከሚከፈለው ይልቅ ተቋቋሚ መስሎ ይታያል። መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀን ንባብ ወስዶ እድገቱን ራሱን ማነጻጸር ይህን ያርማል።

የሴሉ ማንነት ራሱም ሊያታልል ይችላል። ኤምሲኤፍ-7/ኤዲአር የተባለው ዝርያ ለዓመታት የጡት ካንሰር ሴል ተደርጎ ከኤምሲኤፍ-7 ጋር ሲነጻጸር ኖረ፤ በኋላ ኦቭካር-8 ከተባለው የኦቫሪ ካንሰር ሴል የመጣ ሆኖ ተገኘ። በየንጽጽሩ «የመቋቋም ልዩነት» የተባለው የሁለት ሰዎች እጢ ልዩነት ነበር ማለት ነው። ማይኮፕላዝማ የተባለው፣ በፍላስክ ያሉ ሴሎችን የሚበክል ባክቴሪያም እንዲሁ ያታልላል። የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካው፣ ሚዲየሙንም አያደፈርስም፤ ማይኮፕላዝማ ሃዮራይኒስ ጀምሲታቢን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ ኢንዛይም ስላለው ሴሉ ሳይሆን ባክቴሪያው የሚቋቋምበት ጊዜ አለ።

በእውነት የሚላመዱት በ2010 ፒሲ9 በተባሉ የሳንባ ካንሰር ሴሎች ላይ ተገልጸዋል። ከአይሲ50 መቶ እጥፍ በላይ በሆነ የኢጂኤፍአር ማገጃ ውስጥ ከመቶ አንድ የማይሞሉ ሴሎች ሳይከፈሉ ተረፉ፤ መድኃኒቱ ሲነሳ ዘሮቻቸው እንደገና ተጋላጭ ሆኑ። ስለዚህ ተቋቋሚ ሴሎች ሲወጡ አንዱ ፍላስክ ያለ መድኃኒት ተደጋጋሚ ፓሴጅ (ወደ አዲስ ፍላስክ ማዘዋወር) ይሰጠዋል። ተጋላጭነቱ በጥቂት ሳምንት ከተመለሰ በክሮማቲን (ዲኤንኤው ከፕሮቲኖች ጋር የተጠቀለለበት አወቃቀር) አሠራር ላይ የተደገፈ ለውጥ ወይም የሚጠፋ የጂን ቅጂ ይጠረጠራል፤ ከወራት በኋላም ካልተመለሰ ደግሞ የጸና ሚውቴሽን ይፈለጋል።